ሞምባሳ ሄዳችሁ ሆቴል ውስጥ አትቅሩ፦ ምግቡን፣ ባሕሩንና ጨዋታውን በሰዓቱ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ከሞምባሳ የሚመለስ ሰው የሚያወራው ተመሳሳይ ነው። «ባሕር ዳር ስንወርድ ውሃው የለም። ምግቡ ያው ሩዝና ዶሮ ነው። ከተማውም ቀን ላይ ጭር ያለ ነው።» እኔም ከመጀመሪያ ጉዞዬ ስመለስ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በሆቴሉ እንቁላልና ዳቦ ቁርሴን አድርጌ፣ ረፋድ ላይ ወደ አሮጌው ከተማ እየሄድኩ፣ የተዘጋ በር እያየሁ ተመለስኩ።

ጥፋቱ የሰዓት ነው። በስዋሂሊ ዳርቻ ባሕሩ በጨረቃ፣ ከተማው በሶላት፣ ምግቡ ደግሞ በሁለቱም ይመራል። ሰዓቱን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። መመሪያው ለሞምባሳ የተጻፈ ነው፤ አብዛኛው ግን ለኪሊፊ፣ ለማሊንዲ፣ ለላሙም ይሠራል። እዚህ ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የምትሄዱበትን ወር ምረጡ

1. ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባትሄዱ ይሻላል። ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ የሚወርደው ያኔ ነው።
2. ከሰኔ እስከ ነሐሴ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ለከተማውና ለምግቡ ጥሩ ነው፤ ለጀልባ አይመከርም።
3. ባሕሩን ከፈለጋችሁ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ላይ ሂዱ። ያኔ ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው የሚነፍሰው፤ ውሃውም ይጠራል። ሙቀቱ ግን ይከብዳል።
4. ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ረመዳን መቼ እንደሚውል እዩ። በረመዳን አሮጌው ከተማ ውስጥ ቀን የሚበላ ነገር ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ማታው ግን ከዓመቱ ሁሉ የደመቀ ነው።

ቀኑ ሳታስቡት ረመዳን ላይ ከወደቀ ጉዞውን አትሰርዙ። ቀን ተኙ፣ ዋኙ፤ ሲመሽ ውጡ። በሰው ፊት ግን አትብሉ፣ አትጠጡ፣ አታጭሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ ካይማቲ የሚባለውን በስኳር የተለበጠ ትንንሽ ጥብስ ሊጥ ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ የሚያልቁ ነገሮች

ለኬንያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አያስፈልግም። የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

1. የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ኦርጅናሉን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ።
2. የወባ መከላከያ። ዳርቻው ወባማ ነው። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው አደጋው ቀላል አይደለም። ከመሄዳችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።
3. ዶላር። ብር ይዛችሁ ሄዳችሁ ሞምባሳ ላይ እንዳትቸገሩ፤ ከባንካችሁ በሕጋዊ መንገድ ቀድማችሁ ውሰዱ።
4. ነጠላ ወይም ሻሽ። ትከሻ ለመሸፈን ከነጠላ የሚሻል የለም፤ ቀላል ነው፣ ላብም አይዝም። ወንዶችም ጉልበት የሚሸፍን ሱሪ ያዙ።
5. የባሕር ጫማ፣ ማለትም ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ከእግር የማይወልቅ ጫማ። ነጠላ ጫማ አይሆንም። ምክንያቱን ደረጃ 7 ላይ ታያላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፌስታል ይዛችሁ አትግቡ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን ከልክላለች። ሻንጣ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበት ፌስታል ካለ ቤት ትታችሁት በጨርቅ ቀይሩት።

ሞምባሳ ድረስ ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። በናይሮቢ በኩል ከሆነ ደግሞ ባቡሩ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ለባቡር አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ፓስፖርት ይታያል፣ ሻንጣ በውሻ ይፈተሻል፤ ይህን ሳያውቅ የሚያመልጠው ብዙ ነው። ለበዓል ሰሞን ትኬቱ ቶሎ ያልቃል። የሞምባሳው ጣቢያ ሚሪቲኒ ላይ ነው፤ ከተማው ካለበት ደሴት ውጭ ስለሆነ እስከ ከተማው ላለው መንገድም ገንዘብና ጊዜ ያዙ።

እንደደረሳችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤምፔሳ አስከፍቱ። የመንገድ ዳር ምግብ ሻጭ ሳይቀር በኤምፔሳ ይቀበላል፤ ዝርዝር የለኝም ከሚል ክርክርም ያድናችኋል። ሲሙ ካልተመዘገበላችሁ በትንንሽ ኖት ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ባለ ሺህ ኖት ለማዳፉ (ለጋ ኮኮናት) ሻጭ አታቅርቡ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው። ጎህ ሲቀድ 12 ነው፤ ከዚያ በኋላ «ሳአ ሞጃ» አንድ ሰዓት፣ «ሳአ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት እያለ ይቀጥላል። ከዓለም ተጓዥ ሁሉ ይህን ሳይማር የሚያውቀው ኢትዮጵያዊ ነው። ችግሩ ያንን ዕድል በእንግሊዝኛ ስናበላሸው ነው።

አንዴ አንድ ባለጀልባ በእንግሊዝኛ «አሥር ሰዓት ላይ ና» አለኝ። በእንግሊዝኛ ስለነገረኝ በፈረንጅ ቆጠርኩና ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ተገተርኩ። እሱ ለካ «ሳአ ኩሚ»ን ቃል በቃል ተርጉሞልኝ ነው፤ ያሰበው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትን ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ በላኝ።

1. በስዋሂሊ የተነገራችሁን ሰዓት እንዳለ ውሰዱት፤ የእኛው ሰዓት ነው።
2. ትኬት ላይ የተጻፈውን በፈረንጅ ቁጠሩ። ባቡርም አውሮፕላንም እንደዚያ ነው።
3. በእንግሊዝኛ ሲነገራችሁ አትመኑ። መልሳችሁ በስዋሂሊ ጠይቁ። «አሱቡሂ» ጠዋት ነው፣ «ምቻና» ቀን፣ «ጂዮኒ» አመሻሽ፣ «ኡሲኩ» ሌሊት።
4. ቁጥሮቹን ልመዱ፦ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ፣ ንኔ፣ ታኖ፣ ሲታ፣ ሳባ፣ ናኔ፣ ቲሳ፣ ኩሚ። ለአሥራ አንድ «ኩሚ ና ሞጃ»፣ ለአሥራ ሁለት «ኩሚ ና ምቢሊ»። ሳባን ከሰባት ጋር አያይዛችሁ ያዙት፤ አይጠፋም።

ደረጃ 4፦ ሰላምታው ሳያልቅ ዋጋ አትጠይቁ

«ጃምቦ» ለቱሪስት የተተወ ቃል ነው። «ጃምቦ» ካላችሁ የቱሪስት ዋጋ ይጠብቃችኋል። ለእኩያ «ሃባሪ» በሉ፤ መልሱ «ንዙሪ» ነው። በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ሰው «ሺካሞ» በሉ፣ «ማራሃባ» ይላችኋል። አንዲት ምሆጎ (ካሳቫ) የሚጠብሱ እናት በ«ሺካሞ» ብቻ ከነበርኩበት ሰልፍ ጠርተው አጠገባቸው በርጩማ ሰጥተውኛል።

ሰላምታው እንደ እኛው ይረዝማል፤ ቤት፣ ሥራ፣ ጤና ይጠየቃል። ጨርሱት። ከዚያ «ቤይ ጋኒ?» ብላችሁ ዋጋ ጠይቁ። ፎቶ ለማንሳት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ «ሃፓና» ካሏችሁ አይሆንም ማለት ነው፣ ካሜራውን መልሱ። በሊኮኒ ጀልባ መሻገሪያና በአሮጌው ወደብ አካባቢ ከነአካቴው ካሜራ አታውጡ።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ምሽት፣ ቡናና ባራዛ

ቀን 10 ሰዓት ሳይሆን ከቤት አትውጡ፤ ሙቀቱ ያደክማል። 11 ሰዓት ላይ ፎርት ጂሰስ የሚባለው አሮጌ ምሽግ በር ላይ ተገኙ። ከዚያ ንዲያ ኩ በተባለው መንገድ ወደ አሮጌው ከተማ ግቡ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ፎቁ ላይ የእንጨት ሰገነት ይታያል። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። አዛን ሲባል ሱቁ ሁሉ ገርበብ ይላል። አትበሳጩ፣ አትሂዱም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከተማው ወደ ውጭ ይወጣል።

አሁን ቡና ሻጩን ፈልጉ። የሚገኘው በድምፁ ነው፤ ሲኒዎቹን በአንድ እጁ ይዞ ያንቃጭላቸዋል። ጀበናው ዴሌ ይባላል፤ ረጅም፣ አፉ የሾለ፣ ከሥሩ የከሰል ምድጃ ያለው የብረት ዕቃ ነው። ቡናው ጥቁር ነው፣ ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለውም። ሲኒው እንደ እኛ ሲኒ እጀታ የለውም።

1. መጀመሪያ ካሻታ ግዙ፤ ከኦቾሎኒ ወይም ከኮኮናት በስኳር የሚሠራ ቁርጥራጭ ነው። ሃልዋም ይሆናል።
2. ጣፋጩን ንከሱ፣ ከዚያ ቡናውን ፉት በሉ። ስኳር አትጠይቁ፤ ስኳሩ ካሻታው ነው።
3. ሲኒውን መልሱለት። አጥቦ ለሌላ ሰው ይቀዳበታል። የማጠቢያው ውሃ ካልጣማችሁ በፍል ውሃ ወይም በራሱ በቡናው እንዲያለቀልቅላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ወይም የራሳችሁን ሲኒ ያዙ።
4. በረካ አትጠብቁ። አንድም ሁለትም ጠጥታችሁ መክፈል ነው።

ቡናው የሚጠጣው ባራዛ ላይ ነው፤ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተሠራ የድንጋይ መደብ። ባዶ ቦታ ካለ ሰላም ብላችሁ ተቀመጡ። እዚያው ባኦ ሲጫወቱ ታገኙ ይሆናል። ገበጣ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ጉድጓድ፣ ስልሳ አራት ፍሬ። ፍሬውን አትንኩ፣ «እዚህ ጋ አድርግ» አትበሉ። ሁለት ዙር ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ ራሳቸው ይጠሯችኋል፤ ትሸነፋላችሁ፣ ይሳቃል፣ ትተዋወቃላችሁ።

ሴቶች ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ ከሆነ ባራዛው አብዛኛውን ጊዜ የወንዶች ስለሆነ ሊጨንቃችሁ ይችላል። ወደ ማማ ንጊና የባሕር ዳር መናፈሻ ሂዱ። እዚያ ቤተሰብ ይበዛል፣ ነፋሱም ጥሩ ነው። ምሆጎ፣ ማለትም የተጠበሰ ካሳቫ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ እንዲሁም ቪያዚ ካራይ የሚባለው በሊጥ የተጠበሰ ድንች አለ።

ደረጃ 6፦ ጠዋት በ1 ሰዓት ቁርስ

የሆቴሉን ቁርስ ተዉት። ማሃምሪ ና ምባዚ በሉ። ማሃምሪ ሄል ያለበትና በኮኮናት ወተት የተቦካ፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚነፋ ጥብስ ሊጥ ነው። ምባዚ ደግሞ በኮኮናት ወተት የበሰለ የርግብ አተር። ማሃምሪው ሲቀደድ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ያኔ ወጡን በእሱ መጥረግ ነው። ሻዩም ቅመም አለው።

ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ድረሱ። 3 ሰዓት ላይ የቀረው የቀዘቀዘ ነው፤ ወይም ጨርሶ አልቋል። ካመለጣችሁ ነገ ሞክሩ፤ ቀን ላይ የሚሰጧችሁ ማሃምሪ እንደ ጎማ ነው።

ጾም ላላችሁ፦ ይህ ዳርቻ ከጠበቃችሁት በላይ ይመቻል። ምባዚ፣ ዋሊ ዋ ናዚ የተባለው የኮኮናት ሩዝ፣ ባቄላ በኮኮናት፣ ካቹምባሪ የምትባለው የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ፣ ካሻታ አለ። ማሃምሪን ግን ጠይቁ፤ የላም ወተት ወይም ቅቤ የሚጨምር አለ። «ማዚዋ?» ወተት፣ «ማያይ?» እንቁላል ማለት ነው። የኮኮናት ወተት «ቱዊ» ነው። ሻዩም ወተት ያለበት ሊሆን ስለሚችል «ቻይ ያ ራንጊ» በሉ፤ ያለ ወተት ማለት ነው።

ሥጋን በተመለከተ፦ በአሮጌው ከተማና በመንገድ ዳር የምታገኙት ሥጋ በአብዛኛው ሐላል ነው። ሙስሊም የሆናችሁ ምንም አትቸገሩም። በሙስሊም የታረደ የማትበሉ ክርስቲያኖች ደግሞ ወደ ዓሣው ዙሩ። ሳማኪ ዋ ኩፓካ አለላችሁ፤ በከሰል ተጠብሶ በኮኮናትና በሁመር ስጎ የሚቀባ ዓሣ። ጊዜ ይወስዳል፣ ቀድማችሁ እዘዙ። ሚሽካኪ፣ ማለትም እንጨት ላይ ተሰክቶ የሚጠበሰው፣ ሥጋ መሆኑን አትርሱ። የፒላው ሩዝም ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ ነው የሚበስለው፤ ሥጋውን ለይቶ መተው አያዋጣም።

ዓርብ ከ6 ተኩል እስከ 7 ተኩል አካባቢ የጁምዓ ሶላት ስለሆነ ብዙው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ቢርያኒ ይበላል። የሳምንቱን ቢርያኒ ለዓርብ አቆዩት። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፣ ከፊት ለፊታችሁ ካለው ብቻ። ጉርሻ ግን እዚያ ልማድ አይደለም፤ የምታጎርሱትን ሰው አታስደንግጡ።

ደረጃ 7፦ ባሕሩን ጠይቃችሁ ውረዱ

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከመሙላት እስከ መሸሽ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ሰዓቱም በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ አካባቢ ይገፋል። ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ከሞላ፣ ነገ ወደ 5 ሰዓት፣ ከነገ ወዲያ ወደ 6 ሰዓት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል፤ ባምቩዋ ይሉታል። ያኔ ውሃው በጣም ርቆ ይሸሽና አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። «ውሃው የለም» ብለው የሚመለሱት በዚህ ሰዓት የሄዱት ናቸው።

1. ማታውኑ የሆቴሉን ሠራተኛ ወይም ዓሣ አጥማጅ ጠይቁ፦ «ማጂ ያናጃ ሳአ ንጋፒ?» ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል ማለት ነው። መልሱ በእኛ ሰዓት ይመጣላችኋል።
2. ለመዋኘት፦ ሙሉ ከመሆኑ ሁለት ሰዓት በፊት ግቡ፣ ሞልቶ አንድ ሰዓት ሲሆነው ውጡ።
3. በኮራሉ አለት ላይ ለመራመድ፦ እየሸሸ እያለ ሂዱ፤ መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ውሃው መጀመሪያ ከኋላችሁ ያለውን ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሞላል፤ ብዙ ሰው መሃል ላይ የሚቀረው በዚህ ነው።
4. የባሕር ጫማችሁን አድርጉ። ድንጋዩ ሥር ጥቁር የባሕር ጃርት አለ፤ እሾሁ እንደ መርፌ ነው።
5. ዛጎልና ኮራል አትልቀሙ፣ ከሻጭም አትግዙ።

ዋና የማትችሉ አላችሁ፤ ከደጋ የመጣን ብዙዎቻችን አንችልም። አታፍሩበት። ውሃው እስከ ወገብ ብቻ፣ ያውም ከሰው ጋር ግቡ። በጀልባ ከሆነ ሳትሳፈሩ የነፍስ አድን ጃኬቱን በቁጥር እዩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ከሌለ አትሳፈሩ፤ የከፈላችሁት ቀብድ ይቅር።

ለጀልባ ጥሩው ከሞምባሳ በስተደቡብ ካለችው ከሺሞኒ ተነስቶ ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባሕር ፓርክና ወደ ዋሲኒ ደሴት የሚሄደው ነው። ዶልፊን ሊታይ ይችላል፣ ምሳም ደሴቲቱ ላይ አለ። ከመስማማታችሁ በፊት የፓርኩ ክፍያ፣ ምሳውና የመዋኛ መነጽሩ ዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን አንድ በአንድ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ባለጀልባው «ነፋሱ ጥሩ አይደለም፣ ነገ» ካለ አትጨቅጭቁት።

ደረጃ 8፦ ሌሶ ስትገዙ ጽሑፉን አስነብቡ

በቢያሻራ መንገድ ሌሶ ይሸጣል፤ ሌላ ቦታ ካንጋ ይሉታል። ጥንድ ሆኖ፣ ሳይቆረጥ ነው የሚሸጠው። ቆርጦ ጠርዙን የሚሰፋ ሰው እዚያው አቅራቢያ አይጠፋም። ጨርቁ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ፣ «ጂና» ይባላል። ጽሑፉ ምርቃት ሊሆን ይችላል፣ የፍቅር ቃልም ሊሆን ይችላል፣ ለጎረቤት ወይም ለጣውንት የተወረወረ ሽሙጥም ይሆናል። ሰምና ወርቅ ያደገበት ሰው ይገባዋል። ለእናታችሁ ወይም ለአማታችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጯን ትርጉሙን ጠይቋት፤ ካመነታች ወይም ከሳቀች ሌላ ምረጡ።

ነገሩ ሲበላሽ

*የባሕር ጃርት ከወጋችሁ፦* ከውሃው ውጡ። የወጣውን እሾህ በወረንጦ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ፤ ጠልቆ የተሰበረውን አትቆፍሩ። እግራችሁን መቋቋም በምትችሉት ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ንከሩ፤ ሕመሙን ያስታግሳል። መገጣጠሚያ አካባቢ ከሆነ ወይም ካበጠ ክሊኒክ ሂዱ።

*ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ ባይ ካልለቀቃችሁ፦* አትሳደቡ፣ ሩጫም አይጠቅምም። «አሳንቴ፣ ሲሂታጂ» በሉና መንገዳችሁን ቀጥሉ፤ አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም ማለት ነው። «በነጻ ነው» የተባለ ነገር አትቀበሉ።

*ቱክቱክ ካወረዳችሁ በኋላ ዋጋ ከጨመረ፦* ባጃጅ ላይ እንደምናደርገው ነው፤ ሳትገቡ ተስማሙ። ካልተስማማችሁ ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ክፈሉና ሂዱ።

*ሆድ ከተበጠበጠ፦* ኦ አር ኤስ ጠጡ። ከምጣድ ላይ የወጣ ትኩስ ነገር እንጂ ተጠብሶ የቆየ የባሕር ምግብ አትብሉ። ለጊዜው ማዳፉ፣ ማለትም የለጋ ኮኮናት ውሃ፣ ጥሩ ነው፤ ፊታችሁ አስቆርጡት። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ለሁለት እንዲሰነጥቀው ስጡት፤ ከልጣጩ ትንሽ ማንኪያ ቆርጦ ይሰጣችኋል፣ ለስላሳውን ሥጋ በእሱ ትፍቃላችሁ። ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ግን ወዲያው ሐኪም ጋ ሂዱ።

*ሃልዋው ኤርፖርት ላይ እንዳይቀርባችሁ፦* ልስልስ ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ሊከለከል ይችላል። ወደ ታች በሚገባው ሻንጣ አስገቡት።

*ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ካተኮሳችሁ፦* ሳምንትም ወርም ቢያልፍ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሞምባሳ እንደነበራችሁ ንገሩና የወባ ምርመራ አስደርጉ።